አንድ መርከብ ስትዘገይ

ወረፋ ሲጣስ ማየት አልችልም። ወሎ ውስጥ ኩታበር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን አመል ከየት እንዳመጣው አይጠየቅም። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ፣ ዘግይቶ የመጣ ይታገስ፣ አለቀ። ጅቡቲ ወርጄ በአንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ሥራ ስይዝም ይህንኑ እምነቴን ተሸክሜ ነው የወረድኩት። ባሕር ላይ መልህቅ ጥለው ከሚጠብቁት መካከል የትኛዋ ቀድማ እንደደረሰች በደቂቃ ተመዝግቦ ይታወቃል። የተጻፈ ሰዓት እያለ ምን የሚያከራክር ነገር ይኖራል እል ነበር። ዛሬ ያን እምነቴን ሙሉ በሙሉ ጣልኩት ለማለት አልደፍርም። ግን ላልቷል፤ እንዴት እንደላላ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ኮንቴይነር የጫነች መርከብ የምትጠጋበትን የወደብ ጠርዝ ሁላችንም በርዝ ነው የምንለው። በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል ጠርዝ 1,050 ሜትር ገደማ ይሆናል። በእግር ለሚሄድበት ሰው፣ በተለይ በሐምሌ ፀሐይ፣ ማለቂያ ያለው አይመስልም። ለመርከብ ግን ጠባብ ነው። 300 ሜትር የምትሆን መርከብ ስትጠጋበት፣ ከፊትና ከኋላ ለገመድ የሚተወው ክፍተት ሲታሰብ፣ ትልልቆቹ ከሆኑ ሦስት ብቻ ይይዛል፤ መሐል ላይ አነስ ያሉ ከገቡ አራት። ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደቦች ነው። ማዳበሪያውና ስንዴው በሌላ ጠርዝ ይራገፋል። በኮንቴይነር የሚመጣው ግን አብዛኛው፣ የደሴ ሱቆች ብርድ ልብስም ሆነ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች መለዋወጫ፣ በዚያች ከአንድ ኪሎ ሜትር እምብዛም በማትበልጥ ጠርዝ በኩል ነው የሚገባው።

ዕቅዱ አንድ ወረቀት ነው። የሚሠራው ኮምፒዩተር ላይ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ስብሰባ ላይ ታትሞ ይመጣል። ወደ ጎን የጠርዙ ሜትር ከዜሮ እስከ 1,050 ተሰምሯል፤ ወደ ታች ቀንና ሰዓት። እያንዳንዷ መርከብ በዚያ ላይ አንድ ሳጥን ናት። የሳጥኑ ወርድ የመርከቧ ርዝመት፣ ቁመቱ ደግሞ ጠርዙ ላይ የምትቆይበት ሰዓት ነው። ሳጥኑ ውስጥ የመርከቧ ስም፣ የሚወርደውና የሚጫነው ኮንቴይነር ብዛት፣ የተመደቡላት ክሬኖች ቁጥር ይጻፋል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሳጥኖቹ አይደራረቡም። ወረቀቱን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለዚህ ሥራ ሰው መቅጠር ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም ነበር። ሳጥን መደርደር እኮ ነው!

ችግሩ ሳጥኖቹ የሚሰመሩት ገና ባልመጣ ቀን ላይ መሆኑ ነው። ነፋስ ይነሳል፣ ክሬን ይበላሻል፣ መርከቢቱ ከዚህ በፊት በነካችው ወደብ ላይ ትዘገያለች። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ኤቨር ጊቭን የምትባል 400 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ ስዊዝ ቦይ ውስጥ አግድም ተሰክታ ከመጋቢት 14 እስከ 20 መንገዱን ስትዘጋ፣ ቦዩ በስድስት ቀን ተከፈተ፤ ወደቦች ግን ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሲያቃስቱ ነበር። መርከቦቹ ተራርቀው መምጣታቸው ቀርቶ በአንድ ላይ ተንጋግተው ስለደረሱ ነው። አንዷ ስትዘገይ የዘገየችው አንዷ ብቻ አይደለችም። ሳጥኗ ወደ ታች ሲረዝም ከሥሯ ያለችውን ይገፋል፤ የተገፋችው ደግሞ የጎኗን።

ዕቅድ የሚያወጣው ሰውዬ ድሬዳዋ ያደገ ጅቡቲያዊ ነው። አማርኛው ከኔ ይጣፍጣል። ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ «የወሎ ልጅ» ይለኛል፣ ሲናደድ ደግሞ «አንተ ልጅ»። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ነው ስብሰባ የሚገባው። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ሲጽፍ አይቼው አላውቅም።

አንድ የሐምሌ ሌሊት ሐምሲን ተነሳ። ሐምሲን የሚሉት ያን ከበረሃው አሸዋ ይዞ የሚመጣ ትኩስ ነፋስ ነው። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ የወደብ ክሬን መሥራት አይችልም። ኦፕሬተሩ ይወርዳል፣ ክሬኑም እንዳይንሸራተት ይታሰራል። ያን ሌሊት ጠርዙ ላይ የነበረች አንዲት ትልቅ መርከብ የሚወርደውም የሚጫነውም ተደምሮ 1,200 ኮንቴይነር ነበረባት። አንድ ክሬን በሰዓት 25 ያህል ያነሳል፤ በሦስት ክሬን በ16 ሰዓት ጨርሳ ትሄዳለች ተብሎ ታቅዶላት ነበር። ልክ ግማሹን እንዳገባደደች ነፋሱ መጣና ለስድስት ሰዓት ሁሉም ነገር ቆመ። የኔዋ መርከብ፣ ማለትም ቢሮዬ የሚወክላት፣ የምትጠብቀው ያንኑ ቦታ ነው። ደርሳ መልህቅ ጥላለች። ከእሷ ኋላ የደረሰች ፊደር፣ ማለት ከትልልቅ ወደቦች ኮንቴይነር እያመላለሰች የምታከፋፍል ትንሽ መርከብ፣ በጠርዙ ሌላኛው ጫፍ ለዚያው ቀን ከሰዓት ተይዛለች።

ጠዋት ስብሰባው ላይ ሂሳቤን ሠርቼ ነው የገባሁት። ከጎረቤቷ መርከብ አንድ ክሬን ተነስቶ ለትልቋ ይጨመርላት፤ የቀረው 600 ኮንቴይነር በሦስት ክሬን ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ በአራት ስድስት ሰዓት ይበቃዋል። ይህ ካልተቻለ የፊደሯ ቦታ ለኔ ይሰጠኝ። ርዝመቷ ይበቃል፣ ጥልቀቱም ይበቃል፣ ቀድማ የደረሰችው ደግሞ የኔዋ ናት። አንድ መርከብ ቆማ የዋለችበት ቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እንደሚበላ ሁሉም የሚያውቀው ነው። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ አሁንም እውነት ነው።

ጋሼ እርሳሱን ከጆሮው አወረደና፣ «ርዝመቷን አልጠየቅኩህም» አለኝ። «ቦታዋን ብቀይር ስንት ሰው ይነሳል?»

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ባዶ ገጹ ላይ ይጽፍ ጀመር። የኔዋ መርከብ የምትጭናቸው ኮንቴይነሮች፣ አብዛኞቹ ወደ እስያ የሚመለሱ ባዶዎች፣ ካለፉት ቀናት ጀምሮ ተሰብስበው የተደረደሩት እሷ ትጠጋበታለች ከተባለው ቦታ ፊት ለፊት ነው። ወደ ሌላው ጫፍ ከሄደች እያንዳንዱ ኮንቴይነር በግቢው ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ተጎትቶ መሄድ አለበት፤ ክሬኑ ከሥር ተጎታች እየጠበቀ ይቆማል። ይህ አንድ። ከፊደሯ ላይ ጭነት የሚያነሱት መኪኖች ትናንት ተጠርተዋል፣ ግማሾቹ በር ላይ ናቸው። ሁለት። ፊደሯ ከዚህ ወጥታ የምትሄድበት ወደብ ለነገ ሰዓት ይዞላታል፤ ያ ሰዓት ካመለጣት እዚያም ወረፋ ትገባለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደኛ ስትመለስም ከነመዘግየቷ ነው። ክሬን የሚነጠቅባት ጎረቤት መርከብ ደግሞ የምታጠፋው ሁለት ሰዓት በማታው ፈረቃ መቀያየሪያ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት የተባለው ሦስትና አራት ይሆናል። ጽፎ ሲጨርስ የኔዋን ሳጥን በላጲስ አጠፋና ወደ ታች ስድስት ሰዓት አውርዶ አሰመራት። ሌላ ምንም አልነካም።

ተናድጄ ነው የወጣሁት። ቢሮዬም ተናዷል፤ ካፒቴኑ የላከውን መልእክት ግን እዚህ አልጽፈውም። በማግስቱ የሁለቱን ቀን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ከኔዋ በቀር ሁሉም ሳጥን የነበረበት ቦታ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ወደቡ ቆሞ ያደረበት ሌሊት ወረቀቱ ላይ የተወው ምልክት አንድ የተገፋ ሳጥን ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቱን የማየው በሌላ ዓይን ነው። ሳጥን ሲባል የጠርዙ ሜትርና ሰዓት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከያንዳንዱ ሳጥን ኋላ ያንን አምኖ አንድ ነገር የጀመረ ሰው ሞልቷል። ኮንቴይነር የደረደረ አለ፣ ከድንበሩ ከጋላፊ የተነሳ ሹፌር አለ፣ ፈረቃ የቀየረ ኦፕሬተር አለ። ዕቅድ ሲከለስ ዋናው ጥያቄ ስንት ሰዓት ተረፈ ሳይሆን ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ የጀመረውን ያፈርሳል ነው።

በኋላ ነገሩን ሳነብ የወደብ ተመራማሪዎችም በዚህ ሲከራከሩ እንደኖሩ አየሁ። አኪዮ ኢማይ የሚባል ጃፓናዊ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ወደብ በደረሱበት ተራ ብቻ ካስተናገደ አጠቃላይ የመርከቦቹ ቆይታ እንደሚረዝም፣ ተራውን ከጣሰ ደግሞ ቅር የሚላቸው እንደሚበዙ አይቶ ሁለቱን በአንድ ቀመር አስልቷቸዋል። ቅሬታ በቀመር! የኔ ንዴት እንኳ ከመምጣቷ በፊት ቦታ ተይዞላት ኖሯል። መርከቦቹ ጥቂት ሲሆኑ ነገሩ በእጅ ይሠራል፤ እየበዙ ሲሄዱ ሊኖሩ የሚችሉት አደራደሮች ቁጥር እጅግ ስለሚበዛ ፈጣን ኮምፒዩተርም ቢሆን ሁሉንም አይቶ ምርጡን ለማውጣት ጊዜ አይበቃውም። የኋለኞቹ ጥናቶች የሚያተኩሩት በክለሳው ላይ ነው፤ አዲሱ ዕቅድ ከፊተኛው በራቀ ቁጥር ቅጣት ይታሰብበታል። ጋሼ ይህን አንብቦ አያውቅም። ስነግረውም «እንግዲህ ደርሰውበታል» አለና ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ።

አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ አልዋጥልኝ ብሎ ነበር። ጋሼ ወረቀቱ ላይ በአንዳንድ ሳጥኖች መካከል ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት ባዶ ይተዋል። ባሕር ላይ መርከብ ቆሞ እየጠበቀ ጠርዝ ባዶ ይተዋል! ይህን ያስረዳኝ ሌላ ሰው ሳይሆን አባቴ ነው፤ እሱም ስለ ወደብ ሰምቶ አያውቅም።

የኩታበር ደጋ በልግ አብቃይ ነው። የበልጉ ዝናብ በጥር መጨረሻና በየካቲት ከጣለ ገብሱ ይዘራል፣ በሰኔና በሐምሌ መባቻ ይታጨዳል፤ ከዚያ ያው መሬት ለመኸር ይገለበጣል። ዝናቡ ወደ መጋቢት ማብቂያ ከገፋ ግን ገብሱ እስከ ሐምሌ መጨረሻ መሬቱን ይዞ ይቀመጣል። የመኸሩ ዘር ይዘገያል። የዘገየው መኸር ገና እሸት ሳለ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል። በአንድ መሬት ላይ ሁለት አዝመራ የሚያፈራርቅ ገበሬ የወደብ ዕቅድ አውጪ ማለት ነው፤ የበልጉ ሳጥን ሲረዝም የመኸሩን ይገፋል፣ ከሥር ደግሞ የማይገፋ ውርጭ ተቀምጧል። አንድ ዓመት በልጉ በዘገየ ጊዜ ስልክ ደውዬ፣

«ዘራችሁ ወይ አባዬ?» አልኩት።

«ከላይ ያሉትን ሁለቱን ዘርተናል። የወንዙን ዳር ትቼዋለሁ።»

«ጦሙን ይደር?»

«ጦሙን ይደር። መኸሩ በጊዜው የሚገባበት አንድ መሬት ያስፈልገኛል። ሁሉንም ብዘራው ሁሉም ይዘገይብኛል።»

ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። ጋሼ የሚተወው አራት ሰዓት የወንዙ ዳር መሬት ነው። ነፋሱ ሲነሳ፣ ክሬኑ ሲሰበር፣ መዘግየቱ እዚያ ባዶ ሰዓት ውስጥ ገብቶ ይቀበራል፤ ወደ ታችኛዋ መርከብ አይተላለፍም። ሁሉም ሰዓት የተዘራበት ወረቀት ሲያዩት ያምራል፤ የመጀመሪያው ነፋስ ሲመጣ ግን ከላይ እስከ ታች ይናዳል። ባዶው የት ይቀመጥ የሚለው ነው ሙያው። ዘወትር ከምትዘገይ መርከብ በኋላ ሰፋ ይላል፤ ሰዓቷን ከምታከብር በኋላ ይጠብባል። ጋሼ የእያንዳንዷን አመል ያውቃል። «እቺ ሙሽራ ናት» ይላል፣ መምጫዋ የማይታወቀውን።

ከዚያ የቀይ ባሕር ጣጣ መጣ። ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት። በወሩ ውስጥ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች መስመራቸውን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ በኩል ማዞር ጀመሩ፤ የእስያና የአውሮፓ ጉዞ በአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። ካርታ ለሚያይ ሰው ጅቡቲ ለምን እንደተጎዳች ግልጽ ላይሆን ይችላል፤ ወደቡ ያለው ከባብ ኤል መንደብ ወጣ ብሎ በስተደቡብ ነው፣ ከቻይና የመጣ ዕቃ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትሰፋው በዚያች ጠባብ በር ሳያልፍ ይደርሳል። ነገር ግን ትልልቆቹ መርከቦች ጅቡቲን የሚነኩት ወደ አውሮፓ ሲያልፉ መንገዳቸው ላይ ስለሆነች ነበር። ማለፋቸው ሲቀር መንካታቸውም ቀረ። ዕቃው ሌላ ቦታ ወርዶ በፊደር ይመጣ ጀመር፤ በየሳምንቱ ቀኗ ትታወቅ የነበረች መርከብ ዛሬ አንድ፣ ነገ ባዶ፣ ከነገ ወዲያ ሦስት በአንድ ላይ ሆነች። በየካቲት ወር ሩቢማር የተባለች 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ የጫነች መርከብ ተመትታ ሰጠመች። የሚመጡት ደግሞ ኢላማ እንዳይሆኑ ያሉበትን ቦታ የሚያሳየውን መሣሪያ ያጠፉት ነበር። ስክሪኑ ላይ መርከቧን የምታሳየው ነጥብ ትጠፋለች። ጋሼ እንዲህ ባለ ጊዜ አርባ ስምንት ሰዓት ሙሉ ዓይኑ እዚያ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሳጥኗን በነጠብጣብ መስመር ያሰምራታል።

ያኔ የተፈተነው ሁለተኛው እምነቴ ነው። አዲስ ነገር ሲሰማ ወዲያው መናገር አለብኝ እል ነበር። ሰው ጭነቱን የሚጠብቅ ከሆነ የማውቀውን ሁሉ የማወቅ መብት አለው። ስለዚህ የመድረሻ ሰዓት በተቀየረ ቁጥር ለአስመጪዎቹም ለሹፌሮቹም መልእክት እልካለሁ። ረቡዕ ማታ የተባለው ሐሙስ ጠዋት ሆነ፤ እንደገና ረቡዕ ሌሊት፤ አርብ። አንድ የአገሬ ልጅ፣ ከኮምቦልቻ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር፣ ጅቡቲ ከተማ ዳር ፒኬ 12 በሚባለው የመኪና ማቆሚያ ቆሞ የኔን መልእክት ሲቀበል ቆይቶ በመጨረሻ ደወለልኝ። አልተቆጣም። «አብሽር ወንድሜ» አለኝ፤ «አንተ የምትልከውን አይቼ መተኛት ካለብኝ አልተኛም፣ አይቼ መነሳት ካለብኝም አልነሳም። አንድ ጊዜ ብቻ ንገረኝ፤ ከመቼ በፊት እንዳልመጣ።»

ከመቼ በፊት እንዳልመጣ። ሹፌሩ መርከቧ የምትደርስበትን ሰዓት አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ እንቅልፉን የሚተኛበትን ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት መልእክት ብቻ ነው የምልከው። በመጀመሪያው ከዚህ ቀን በፊት አትነሱ እላለሁ፤ በሁለተኛው መርከቧ ጠርዝ ይዛ ክሬን ሲያርፍባት ተነሱ እላለሁ። በመካከል የሚሆነውን ለራሴ እይዘዋለሁ። ሐቅ ደብቀሃል ያለኝ አንድ አስመጪ አለ፤ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አልችልም። ጋሼም ለካ ይህንኑ ነው የሚያደርገው፦ ከፊቱ ያለችውን የአንድ ቀን ወረቀት ይቆልፋታል፣ ከዚያ በታች ያለውን ብቻ እንደልቡ ያጠፋና ይጽፋል። የተቆለፈው ውስጥ የሚገባ ለውጥ እሱ ራሱ ስልክ ካልደወለ አይገባም።

ስለ ባሕሩ ብዙ አወራሁ። የወደብ ሥራ ግን አንዳንዴ የሚቆመው ከየብስ በኩል ነው። በጥቅምት ማብቂያ 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ኩታበር ራሷ የጦር ሜዳ ሆና ነበር። ቤተሰቦቼ ጋ ስልክ አይገባም። ሚሌ ላይ ያለው ዋናው መንገድ ይቆረጣል የሚል ስጋት በየቀኑ ይሰማል። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ስብሰባ ገብቼ ስለ ሳጥን አወራለሁ። ለኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የተባሉ ኮንቴይነሮች የሚሄዱበት አልነበራቸውም፤ ግቢው ውስጥ ይቆያሉ። ግቢ ሲሞላ ከላይ ያለውን ሳያነሱ ከሥር ያለውን ማውጣት አይቻልም፤ አንድ ኮንቴይነር ለማግኘት ሦስት ይነሳል፣ ክሬኑ ተጎታች ይጠብቃል፣ መርከቧም ክሬኑን ትጠብቃለች። ኩታበር ላይ የተተኮሰ ጥይት ዶራሌ ጠርዝ ላይ የአንዲት መርከብ ሳጥን ያረዝማል ማለት ነው። ጋሼ በነዚያ ሳምንታት የወሎ ልጅ ብሎኝ አያውቅም። በስሜ ነበር የሚጠራኝ። ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ መለቀቃቸው ሲሰማ ሻይ አስመጣልኝና ወረቀቱን ቀጠልን።

የአጎቴን ነገር ያስታወስኩት ያኔ ነው። አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፤ ጣሊያን በዘረጋው መንገድ ከኮምቦልቻ ባቲን፣ ሚሌን አልፎ አሰብ ይወርዳል። ለወሎ ሰው ወደብ ማለት አሰብ ነበር። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ ጭነት በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዶራሌ ያኔ የለም፤ ያለው የድሮው ወደብ ብቻ ነው። አጎቴ ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ የሚያነሳው ጦርነቱን ሳይሆን የመኪና ሰልፉን ነው። አንድ በር ብቻ ያላት አገር ነፋስ ሲነሳባት የምትከልሰው ዕቅድ የላትም፣ የምትጠብቀው እንጂ። በ2013 ዓ.ም. በሶማሌላንድ በርበራ ወደብ ላይ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ሲከፈት ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። በርበራ ከኩታበር እሩቅ ነው፤ የወሎን ኮንቴይነር ብዙም አያመጣም። ግን የሌላው ሰው ኮንቴይነር ወደዚያ ሲሄድ የኛ ወረፋ ያጥራል ብዬ ነው። ነጋዴዎቹ ግን ዋጋውን እያዩ አሁንም ጅቡቲ ናቸው።

አሁን ከጅቡቲ ወጥቼ ኮምቦልቻ በትራንዚት ሥራ ላይ ነኝ። ጋሼም ሥራው ላይ ነው፣ እንደዋወላለን። በአንድ ነገር ግን እስካሁን አልተስማማንም። ዕቅድ ሲከለስ መርከብ የምትመዘነው በምትይዘው ኮንቴይነር ብዛት ነው። ሁለት ሺህ የያዘች ከሁለት መቶዋ ትቀድማለች። ብዙ ጭነት እንዳይዘገይ ነው፣ ትክክል ነው። ደንበኞቼ ግን አብዛኞቹ የአንድ ኮንቴይነር ባለቤቶች ናቸው። አንዲት ደሴ ላይ ብርድ ልብስ የምትሸጥ ሴትዮ አለች። ዓመቱን ሙሉ የምታስመጣው አንድ ኮንቴይነር ነው፤ እሱም ከክረምቱ ብርድ በፊት ካልደረሰ ለሌላ ዓመት መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፣ የባንኩ ወለድ ደግሞ ቀን አይቆጥርላትም። ከብዛት ቀመሩ ውስጥ እሷ የለችም። ወረፋ ቢከበር ግን ትኖር ነበር፤ ወረፋ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ሰው ነው፣ ማንም ስለሱ በማይናገርለት ስብሰባ ላይ።

ይህን ለጋሼ ስነግረው፣ «እኔ እኮ መርከብ ነው የማየው፣ ኮንቴይነር ውስጥ ያለውን አላይም» አለኝ።

«እኔ ላሳይህ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መጀመሪያ ወደ ኮምቦልቻ ከሚመጡት መካከል ቀናቸው ካለፈ ዋጋ የሚያጡትን በአንድ ገጽ ጽፌ እልክለታለሁ፦ የትኛዋ መርከብ ላይ እንዳሉ፣ እስከ መቼ መውረድ እንዳለባቸው። ሁሌም አይሆንም። አንዳንድ ሳምንት አንብቦ ለአንዲት ትንሽ ፊደር ሁለት ሰዓት ያተርፍላታል፣ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ መልስም አይሰጠኝም። ባለፈው ሳምንት የላከልኝ መልስ «ዝርዝርህ ረዘመ፣ አሳጥረው» የሚል ነበር። ከዝርዝሩ ማንን እንደማወጣ ገና አልወሰንኩም።